የነገ ጠባይ

ካያኒ። የሬዲዮ ጣቢያው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤
ወረቀቴን አስተካክዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁት፦

«ለካይኑ አውራጃ በሙሉ የነገ የአየር ጠባይ፦
ከምዕራብ በረዶ ይገባል ዛሬ ማታ በእኛ ሰማይ፤
ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥሎ እኩለ ሌሊት ያባራል፤
ሰማዩ ወለል ይልና የዋልታው ብርድ ይከተላል፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤ ረባዳው አርባ ይሞላል።
ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ያላችሁ በሩን አንኳኩ፤
ቧንቧ ጠብ ጠብ ይበል፤ መኪናችሁን ሳትተኙ ሰኩ።»

ማይኩን ዘጋሁት። ድምፄ ግን መንገዱን ሄደ፤
በጥዱ ጫካ ውስጥ ለውስጥ በየኩሽናው ወረደ።
ራይሊ የበረዶ ጠራጊዋን እስከ አፏ ነዳጅ ሞላች፤
ሂልካ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ባሏ ከሞተ ብቻዋን ያለች፣
የትናንቱን ጥጃ አቅፋ ሳሎኗ አስገባች።
ነገ ትምህርት የለም ሲባል ልጆች ፈነደቁ፤
የማያውቁኝን እኔን ከብርድ ልብሳቸው ሥር መረቁ።

አባቴ ደወለ። ኦይቫ። ከኩህሞ አልፎ፣ ድንበሩ ጥግ ያለው፤
«ተሳስተሻል፣ ሄልቪ» አለ ገና «ሀሎ» ሳልለው፤
«ጢሴ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል፤
ብርድ ሲመጣ የሚነግረኝ ጉልበቴም ዛሬ ዝም ብሏል።»
«አባዬ፣ ሳተላይት አለ፤ አምስት ኮምፒዩተር ተስማምቷል።»
«ይስማማ» አለኝ፤ «ጢሱን ግን ማን ጠይቆታል?»
ዘጋው። ደህና እደሪም የለ።

ሌሊቱን መስኮት ላይ ነበርኩ። በረዶው እንዳልኩት መጣ፤
እንዳልኩት አባራ፤ ኮከብ ግን፣ አንድ እንኳ፣ አልወጣ።
ደመናው ቀረ፤ ተረስቶ ሳይሆን አውቆ፣
የበላበት ቤት እንደሚያድር እንግዳ ጫማውን አውልቆ።
ብርድ ልብስ እንላለን፤ ብርዱን ግን መቼ ያለብሳል?
ሙቀቷ ከምድር እንዳይሸሽ አፍኖ ካደረማ
ደመናም ብርድ ልብስ ይባላል።

ጧት አንድ ሰዓት፦ ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት።
እዚህ አገር ይህ ማለት ኮት የማይቆልፉበት፣
ጎረቤት ከጎረቤቱ ደጅ ቆሞ የሚያወራበት።

ሂልካ ደውላ «ጥጃው ምንጣፌን አበላሸ» አለች፤
«ሂሳቡን ለጣቢያው ልላክ ወይስ ላንቺ?» ብላ ሳቀች።
ሥራዬን ትንበያ ይሉታል። ነቢይ ግን የት አለና!
ነቢይ ሲስት ይወገራል፤
እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ እንደገና።

አባቴ ግን ዝም አለ። ይፎክርብኛል ብዬ
እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ፣ ስልኩን ታቅፌ፣ ከሥራዬ ተነጥዬ።
ደወልኩ። ጠራ። ደገምኩ። ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም የለም።
ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ራይሊን ከመንገድ ጠራኋት፦
«እንደ ምንም ብለሽ እለፊ፤ በሩን ብቻ አንኳኪለት።»

ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ድምጿ፦
«ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ እንዳልሽው ከፍቶት ነው ያደረ፤
የአራት ቀን እንጨት ሳሎን ገብቶ እስከ መስኮቱ ተደረደረ፤
ሁለት ኮት ደርቦ ወንበሩ ላይ ተኝቷል፣ ላብ አጥምቆት፤
ሬዲዮው ጭኑ ላይ ያወራል። ልቀስቅሰው?»
«አይ» አልኳት። «ተይው ይተኛ።»
«ደሞ የጎተራው በር…» አለች።

በሩን አውቀዋለሁ። ከመወለዴ በፊት ጀምሮ
በየቀኑ ቁጥር ይጽፍበታል፣ እርሳሱን በክር አሥሮ።
«ሁለት ረድፍ ነው» አለችኝ፤ «አንዱ ‹ሄልቪ› ይላል ከላይ፤
‹ሠላሳ ስምንት› ብሎ ጽፏል፣ ትናንት ማታ ይመስላል ሲታይ።
‹ውጭ› ከሚለው ሥር ግን ባዶ ነው።
አሥራ ሰባት ብዬ ልሙላለት?»

ሁለት ረድፍ። እኔ የማውቀው አንዱን ነበር።

«አይሆንም፤ የሰው እጅ ጽሑፍ ካየ ይቆጣል፤
ባዶውን ተዪው። ሲነቃ ራሱ ወጥቶ ያየዋል።»

«እሺ» አለች። ሞተሯ ሲያጓራ፣ በረዶ ሲገፋ ሰማሁ።
«እርሳሱ» አለችኝ ቆይታ፣
«አጥሮ አጥሮ ጥፍር አክሏል።»